ሰርቪሱ ለምን እንደቀረ ለወንድሜ ንገሩት

ለማዕከላችን የበጎ ፈቃድ ቦርድ ሰብሳቢና አባላት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአዋቂዎች የቀን አገልግሎት በሳምንት ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን እንዲወርድና ተገልጋዮችን የሚያመላልሰው ሰርቪስ እንዲቆም የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

የተከበራችሁ የቦርዱ ሰብሳቢና አባላት፣



በምትመሩት ማዕከል ላለፉት 11 ዓመታት ሲገለገል የቆየ የ34 ዓመት ሰው እህት ነኝ። ወንድሜ ዳውን ሲንድሮም አለበት። ከዚህ ደብዳቤ በፊት ሁለት ደብዳቤዎች በጽሕፈት ቤታችሁ በኩል አስገብቻለሁ። ሁለቱንም መዝገብ ቤት ተቀብሎ እጄ ላይ በቀረው ቅጂ ማኅተም አሳርፎልኛል። የመጀመሪያው ከገባ ሦስተኛ ወሩን ይዟል፤ እስካሁን "ደርሶናል" የሚል ቃል እንኳ አላገኘሁም። በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ለዚህ ነው። የማዕከሉንም ሆነ የእናንተን ስም ያልጠቀስኩት ረጂዎች ፊታቸውን እንዲያዞሩበት ስለማልፈልግ ነው። ማዕከሉ ለቤተሰባችን የዋለውን ውለታ አውቃለሁ። የምጽፈውም እንዲኖር ፈልጌ ነው።

ወንድሜ በየጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል። ፊቱን ይታጠባል፣ ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል። የአንገትጌው ቁልፍ ብቻ ስለሚያስቸግረው እናቴ ታግዘዋለች። ከዚያ የምሳ ዕቃውን በቦርሳው ይዞ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ይቀመጣል። ለ11 ዓመት እንዲህ ነበር፤ ሰርቪሱ ከቆመ ወዲህም እንዲሁ ነው። አንድ መኪና ክላክስ ባደረገ ቁጥር ብድግ ይላል። እናቴ እስከ 3 ሰዓት ድረስ አብራው ትቀመጥና እጁን ይዛ ወደ ላይ ትወጣለች። ውሳኔው ሥራ ላይ በዋለበት ሳምንት፣ ዓርብ ማታ፣ አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አጥፍቼ ነው?" አለኝ።

ውሳኔውን የሰማነው ከእናንተ አይደለም። በማዕከሉ በር ላይ ከተለጠፈች የአንድ አንቀጽ ማስታወቂያ ነው። ለእናቴ ያነበበላት የበሩ ጥበቃ ነው። አንብቦላት ሲያበቃ "እማማ፣ እኔ ምንም አላውቅም" ብሎ አንገቱን ደፋ። ለእናቶች ይህን የመሰለ ነገር መንገር የጥበቃ ሥራ መሆን አልነበረበትም።

ሁለት ቀን ከአምስት ቀን የሚለየው በሦስት ቀን ብቻ መስሎ ከታያችሁ፣ እስቲ አንድ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ወንድሜ በማዕከሉ የሽመና ክፍል ቀሰም ያጠነጥን ነበር። ክሩን ጠንጥኖ ለሸማኔው ማቀበል የእሱ ሥራ ነው፤ ቀለሞቹን አይሳሳትም። በ11 ዓመት ውስጥ የተማረው ግን ከዚህ የበለጠ ነው፤ ተራ መጠበቅን፣ ሻይ ሲፈልግ መጠየቅን፣ ሲከፋው ግድግዳ መምታቱን ትቶ ወጣ ብሎ መቀመጥን ተምሯል። እነዚህን አንዱንም በአንድ ዓመት አልተማረም። አሠልጣኞቹ በየቀኑ እየደጋገሙ ያስጨበጡት ነገር ነው፤ በየቀኑ ካልተደገመ ደግሞ እንደሚጠፋ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ። ውሳኔው ሥራ ላይ ከዋለ በስድስተኛው ሳምንት ግድግዳ መምታቱን እንደገና ጀምሯል።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። እንጀራ ጋግራ ለሦስት ሱቆች ታደርሳለች፤ የቤቱ ገቢ የእኔ ደመወዝና ይህ እንጀራ ነው። አሁን ወንድሜን ብቻውን ትታ መውጣት ስለማትችል ሁለቱን ሱቆች ተነጥቃለች። እኛ ግን ከብዙዎቹ እንሻላለን። በጽዳት ሥራ የምትተዳደር አንዲት እናት አለች። ሴት ልጇ 27 ዓመቷ ነው፤ በማዕከሉ ከሌሎች ተገልጋዮች ጋር ጥልፍ ትሠራ ነበር። አሁን ያቺ እናት ጧት ስትወጣ በሩን ከውጪ ቆልፋባት ትሄዳለች። ይህን ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር። በር እንዳትቆልፍባት ነበር ልጇን ወደ ማዕከሉ ያመጣቻት። ሌላ አባት ልጃቸውን ሚኒባስ ታክሲ ላይ ለብቻው መላክ ሞከሩ። ረዳቱ መውረጃውን ረስቶ ከመጨረሻው ፌርማታ አወረደው፤ እስከ ማታ 2 ሰዓት ሲፈለግ አመሸ። እግዚአብሔር ይመስገን ተገኘ።

ማስታወቂያችሁ ሁለት ምክንያት ይሰጣል፦ የነዳጅ ዋጋና "የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ"።

የነዳጁን ነገር አልክድም። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም በኪሳችን እናውቀዋለን። ርቀቱም ጨምሯል። ድሮ ከማዕከሉ በእግር የሚደረስ ሠፈር ውስጥ የነበሩ ቤተሰቦች ዛሬ ኮዬ ፈጬና የካ አባዶ ገብተዋል። አንድ መኪና ይህን ሁሉ ማዳረስ ይከብደዋል፤ ይገባኛል። ግን ስለ መንገዱ ማን ጠየቀን? ቤት ለቤት መዞሩ ቀርቶ በአራትና በአምስት መሰብሰቢያ ቦታ ብቻ ቢነሡ ስንት ሊትር ነዳጅ እንደሚተርፍ ሾፌሩ ጣቱን ቆጥሮ ሊነግራችሁ ይችል ነበር። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ 14 ቤተሰቦች እንደ አቅማችን በየወሩ እናዋጣለን ብለን ፈርመናል። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ቢሆንም ከሳንቲም ቆጣሪ ቤት የወጣ ገንዘብ ስለሆነ "አይበቃም" የሚል መልስ እንኳ ይገባው ነበር።

የአስተዳደር ወጪውን ጉዳይ ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ለ16 ዓመት የሰው መዝገብ ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሦስተኛ ወገኖችን ጥቅም ለማስጠበቅ የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም ይላል። ጥሩ ድንጋጌ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ያው አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ምን እንደሆነ ይዘረዝራል። ተሽከርካሪንና ነዳጅን ሲያነሣ ለአስተዳደር ሥራ የሚውለውን ብሎ ነው። ተገልጋዮችን ከቤታቸው አንሥቶ ወደ ሥልጠናቸው የሚያደርስ መኪና የአስተዳደር መኪና አይደለም። ያለ እሱ ሥልጠናው የለም፤ ስለዚህ የፕሮግራም ወጪ ነው። የሒሳብ ሠራተኛችሁ የሰርቪሱን ነዳጅ፣ የሾፌሩንና የረዳቷን ደመወዝ በአስተዳደር ርዕስ ሥር መዝግቦ ከሆነ መፍትሔው መዝገቡን ማስተካከል ነው። የእኔ ግምት ስህተት ሊሆን ይችላል፤ የሒሳብ መግለጫውን አላየሁማ! እንዳየው ፍቀዱልኝና ተሳስቼ ከሆነ በዚሁ መንገድ፣ በአደባባይ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በማስታወቂያው ያልተጻፈ፣ ግን በግቢው ውስጥ የሚወራ ሦስተኛ ምክንያትም አለ። ረጂዎች ገንዘባቸውን ለሕፃናት ማዋል ስለሚመርጡ የአዋቂዎቹ ክፍል ለሕፃናት ሊለቀቅ ነው ይባላል። እውነት ካልሆነ አስተባብሉት። እውነት ከሆነ ግን አንድ ነገር እንድታስቡ እለምናለሁ፦ ዛሬ የምትቀበሉት የ8 ዓመት ሕፃን ነገ 30 ዓመት ይሞላዋል። እናቱም 60 ትሆናለች። በዚህ አገር የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት አዋቂ ሰው የሚውልበት ቦታ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ማዕከሉም የተቋቋመው ለአዋቂዎች ነው፤ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ተጽፏል።

የተከበራችሁ አባላት፣

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ እመጣለሁ። ከውሳኔው ይልቅ ያስጨነቀኝ የተወሰነበት መንገድ ነው። ባለፈው የበዓል ዝግጅት ላይ ከእናንተ አንዱን በትሕትና ቀርቤ ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። "እኛ እኮ አምስት ሳንቲም አንወስድም፤ ከሥራችን፣ ከቤተሰባችን ጊዜ ቀንሰን ነው የምናገለግለው" አሉኝ። አዝነው ነበር፤ በቁጣ አልተናገሩም። የተናገሩትም እውነት ነው። ያለ ክፍያ እንደምትሠሩ እናውቃለን፤ ስለዚህም እናመሰግናለን። ምስጋናችን ግን ዝምታ እንዲሆን መጠበቅ ልክ አይደለም።

እናቴ ያለችበትን እድር ላንሣ። ዳኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም። ጸሐፊውም ገንዘብ ያዡም የላቸውም። በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ ግን ገንዘብ ያዡ ተነሥቶ የገባውንና የወጣውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ማንበብ የማይችሉት እናቶች እንዲሰሙ። አንድ ጊዜ ሦስት ድስትና አንድ ምንጣፍ ከዕቃ ቤት ጎደለ። ዳኛው ከአባላቱ ፊት ቆመው ተጠየቁ፣ አስረዱ፣ ያጎደለውም ተገኘ። "እኔ በነፃ ነው የማገለግለው" የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እንዲህ ያለውን ቃል ቢናገሩ ኖሮ እድርተኛው ምን እንደሚል እናንተም የእድር ልጆች ናችሁና ታውቁታላችሁ። ለድስት እንዲህ የምንጠያየቅ ሰዎች ለ40 ተገልጋዮች የሕይወት ቀን እንዴት አንጠያየቅም?

ማዕከላችንም አጀማመሩ እንደ እድር ነበር። ያቋቋሙት ያደጉ ልጆቻቸውን የሚቀበል ቦታ ያጡ ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ቦታ ሲያጡ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እንደመሠረቱት፣ የእኛዎቹም ከችግራቸው ተነሥተው ነው የጀመሩት። ወንድሜ በገባበት ጊዜም ቦርዱ የሚሰበሰበው በሽመና ክፍሉ ውስጥ ነበር። ቡናውን የምታፈላው እናቴ ናት። ወንድሜ ወንበር ያመጣ ነበር፤ ሰብሳቢውን በስማቸው ይጠራቸው ነበር። የዛሬውን ሰብሳቢ መልካቸውን እንኳ አያውቅም።

ከምሥረታው ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ሁሉም በእናንተ ጥፋት አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኙ ድርጅቶችን የአካል ጉዳተኞችን መብት በማስከበር ሥራ እንዳይሰማሩ ከልክሎ ነበር። ብዙ ማዕከላት ስለ መብት ማውራት ትተው ስለ እርዳታ ብቻ ማውራት የለመዱት በእነዚያ ዓመታት ነው። አዋጁ ከተሻረ ዓመታት ቢያልፉም ልማዱ እንዳለ የቀጠለ ይመስለኛል። በአዲሱ አዋጅ ዳግም ስንመዘገብ ደግሞ ድርጅታችን "በቦርድ የሚመራ" ተብሎ ተመዘገበ። በእንዲህ ያለ ድርጅት የበላዩ አካል ቦርዱ ራሱ ነው። የወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ የሚባለው ነገር በዚያው ቀረ። መሥራቾቹ እናቶች አንድ በአንድ አረጁ፣ አንዳንዶቹም አረፉ። በየክፍቱ ወንበር ረጂ የሚያውቃቸው፣ በሥራቸው የተከበሩ ሰዎች ገቡ። ዛሬ ከሰባቱ የቦርድ አባላት መካከል አንድም ተገልጋይ፣ አንድም እናት ወይም ወንድም የለም።

ተገልጋይ በቦርድ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ቀደም ሲል ቀርቦ "ሕግ አይፈቅድም፤ የአእምሮ ችግር አለባቸው" ተብሎ እንደወደቀ ሰምቻለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መነሻው ሰው ሁሉ የሕግ ችሎታ አለው የሚል ነው። ችሎታን የሚያሳጣው ሕግ ነው፤ ሰውን ከልክሎ ሞግዚት የሚያቆምበትም ፍርድ ቤት ነው። ወንድሜን የከለከለ ፍርድ ቤት የለም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው እኩል የሕግ ችሎታ እንዳላቸው፣ ይህንንም ለመጠቀም የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ ማግኘት እንዳለባቸው ይናገራል። በአንቀጽ 4 ደግሞ እነሱን የሚመለከት ውሳኔ ሲወሰን እንዲመከሩና እንዲሳተፉ ያዝዛል። ግዴታው የተጣለው በመንግሥታት ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ለአካል ጉዳተኞች ቆሜአለሁ የሚል ድርጅት ግን መንግሥት ከተጠየቀው ማነስ የለበትም።

ማየት የተሳናቸው ወገኖቻችን ብሔራዊ ማኅበራቸውን ራሳቸው ይመራሉ፤ መስማት የተሳናቸውም እንዲሁ። የዓይን ብርሃኗን በልጅነቷ ያጣችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበለችው ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በመታገሏ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ሲሆን ነገሩ እንደሚከብድ አልሸሽግም፤ ወንድሜ የበጀት ሠንጠረዥ አያነብም። ይሁን እንጂ "መኪናው ከቆመ የትኛው ቀን ይከብድሃል?" ተብሎ ቢጠየቅ ይመልሳል። ጠይቄው "ሰኞ" ብሎኛል። ለምን ስለው፣ ሰኞ ድር የሚዘረጋበት ቀን መሆኑን ነገረኝ። እናንተ ከቀሩት ሁለት ቀናት ውስጥ ሰኞን አላስገባችሁም። ሸማኔው ሰኞ ድር ይዘረጋል፤ ቀሰም የሚያጠነጥንለት ግን ቤቱ ተቀምጧል። እንዲህ ያለውን ነገር ከስብሰባ ክፍል ሆኖ ማወቅ ስለማይቻል ነው ጠይቋቸው የምላችሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ውሳኔው ለሦስት ወር ይታገድልን፤ ሰርቪሱም በመሰብሰቢያ ቦታዎች ብቻ ቢሆን ሥራ ይጀምር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቤተሰቦችና ከተገልጋዮቹ ጋር በማዕከሉ፣ በሽመና ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ። የሒሳብ መግለጫውን ይዛችሁ ኑ። ለተገልጋዮቹ በቀላል አማርኛና በሥዕል የሚያስረዳቸው አንድ አሠልጣኝ ይመደብ፤ የሚናገሩትም በቃለ ጉባኤው ይግባ።

ከዚያ ደግሞ ከቦርዱ ወንበሮች ሁለቱ ለተገልጋዮች፣ ሁለቱ ለቤተሰብ ተወካዮች ይሰጡ። ተገልጋዮቹ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያግዛቸውን ሰው ራሳቸው ይምረጡ። የአባላት የአገልግሎት ዘመን በደንቡ ይወሰን፤ የደከመው እንዲያርፍ ሌላውም እንዲተካ። ከእናንተ መካከል ለ9 ዓመት ያለ እረፍት ያገለገሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይህን የምጠይቀው ለእነሱም አዝኜ ነው። የቃለ ጉባኤው ዋና ዋና ነጥብም በእያንዳንዱ ስብሰባ ማግሥት በበሩ ላይ ይለጠፍ፤ ማስታወቂያ መለጠፊያው አለ። ደብዳቤ ለሚያስገባ ቤተሰብም መልስ በ15 ቀን ውስጥ ይሰጠው።

ድርጅቶችን ወደሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት መሄድ እንደምችል የነገሩኝ ሰዎች አሉ። እኔ ግን የእናንተን በር ማንኳኳት መርጫለሁ፤ ችግሩን በመካከላችን መፍታት እንችላለን ብዬ አምናለሁ። ከመካከላችሁ አንዱ ብቻ አንድ ሰኞ ጧት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ወደ እኛ ኮንዶሚኒየም ቢመጣ ወንድሜን ከደረጃው ሥር ቦርሳውን አቅፎ ያገኘዋል። አጠገቡ ይቀመጥና እንዳላጠፋ ይንገረው። እኔ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ከእናንተ መስማት ይፈልጋል።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ከተገልጋዮቹ የአንዱ እህት